ስለ አንጎል ሽፋን ዕጢና ስለ ሐኪም ግምት

ሰው ከተፈጠረ ጀምሮ ከሚናፍቃቸው ነገሮች አንዱ የነገን ነገር ዛሬ ማወቅ ነው። ይህም ናፍቆት ደዌ በጸናበት ቤት ይልቁን ይበረታል፤ የታማሚው ዘመዶች በደጅ ተሰብስበው «ይተርፍ ይሆን ወይስ አይተርፍ?» እያሉ የማይጠይቁት ሰው፥ የማያንኳኩት በር የለም። በቀድሞ ዘመን፥ በአንዳንድ ስፍራም እስከ ዛሬ ድረስ፥ መልሱን ለማግኘት ዐውደ ነገሥት የሚገልጥ ሰው ይፈለጋል፤ እርሱም የሕመምተኛውን ስምና የእናቱን ስም በፊደል ቍጥር ደምሮ ከከፈለ በኋላ፥ በተረፈው ቍጥር ሞትን ወይም ሕይወትን ይናገራል። ይህን ሥራ ቤተ ክርስቲያን አልባረከችውም፤ የሕክምና ጥበብም አልተቀበለውም። ነገር ግን ጥያቄው ከንቱ አይደለም፤ ከንቱ የሆነው መልሱ የሚፈለግበት መንገድ ነው። የዛሬው ሐኪምም ያንኑ ጥያቄ ይጠየቃል፤ መልስም ለመስጠት ይቈጥራል፤ የሚቈጥረው ግን የስምን ፊደል ሳይሆን በሕመሙ ሥጋ ውስጥ የሚከፋፈሉትን ሕዋሳትና ከዚህ ቀደም በዚያው ሕመም የታመሙትን ሰዎች ዕድል ነው።

ግምትና ትንቢት እንዳይምታቱ በመጽሐፍ የታወቀ አንድ ታሪክ አለ። ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት እስኪደርስ በታመመ ጊዜ ነቢዩ ኢሳይያስ መጥቶ እንደሚሞት ነገረው፤ ንጉሡም ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አልቅሶ በጸለየ ጊዜ ዐሥራ አምስት ዓመት ተጨመረለት። ሊቃውንቱ ይህን ሲተረጕሙ ብዙ ጊዜ የሚያተኵሩት በጸሎቱ ላይ ነው፤ ሆኖም በዚያው ምዕራፍ ነቢዩ የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲደረግለት አዝዟል። ጸሎቱ መድኃኒቱን አላስቀረውም፤ መድኃኒቱም ጸሎቱን አልነቀፈውም። ከነቢይ አፍ የወጣው ቃል እንኳ በንስሓና በእንባ የሚለወጥ ከሆነ፥ የሐኪም ግምትማ ከቶ የተቈረጠ ፍርድ ሊሆን አይችልም። ግምት ማለት መንገዱ ወዴት እንደሚያዘነብል አይቶ፥ ከመውደቅ በፊት የሚደገፉበትን ምርኵዝ ማዘጋጀት ነው።

ይህ ነገር በተለይ ከሚያስፈልግባቸው ሕመሞች አንዱ ሐኪሞች ሜኒንጂዮማ የሚሉት ዕጢ ነው። አንጎል በራስ ቅል ውስጥ ሦስት ስስ ሽፋኖች ለብሶ ይኖራል፤ ዕጢው የሚበቅለው ከእነዚህ ሽፋኖች እንጂ ከአንጎሉ ከራሱ አይደለም። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ አንጎልን ሳይበላ ይገፋዋል፤ እድገቱም ዝግ ያለ ስለ ሆነ ለዓመታት ሳይታወቅ ይኖራል። በአዋቂዎች ላይ በራስ ቅል ውስጥ ከሚጀምሩት ዕጢዎች መካከል በብዛት የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘው ይኸው ነው፤ ከወንዶች ይልቅም በሴቶች ላይ ይበዛል። ምልክቱ እንደ ተቀመጠበት ስፍራ ይለያያል፤ በአንዱ የራስ ምታትና ትውከት፥ በሌላው የዓይን መፍዘዝ፥ በሌላው የአንድ ወገን እጅና እግር መድከም፥ በሌላው ደግሞ በጐልማሳነት ዕድሜ ድንገት የጀመረ የሚጥል በሽታ ይሆናል። በግንባር በኩል የተቀመጠ እንደ ሆነ የሰውየውን ጠባይ ይለውጣል፤ ጨዋው ተሳዳቢ፥ ትጉሁ ሰነፍ ሆኖ ሲታይ፥ ዘመድ ክፉ መንፈስ እንደ ያዘው ያስባል።

ከእነዚህ ዕጢዎች ከመቶው ሰማንያ ያህሉ የዋሆች ናቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅት አንደኛ ደረጃ ብሎ የሚጠራቸው ናቸው። የቀሩት ግን ጨካኞች ናቸው፤ ሁለተኛው ደረጃ ከመቶው ከዐሥራ አምስት እስከ ሃያ ያህል ሲሆን፥ ሦስተኛውና እጅግ ክፉው ከመቶው ከአንድ እስከ ሦስት ብቻ ነው። ልዩነታቸውም ከተቀደዱ በኋላ ይታያል። የሕክምና መጻሕፍት እንደሚሉት የአንደኛው ደረጃ ዕጢ ከመቶው ከ7 እስከ 25 በሚደርሱት ሰዎች ላይ ይመለሳል፤ ሁለተኛው ከ29 እስከ 52፥ ሦስተኛው ግን ከ50 እስከ 94 በሚደርሱት ላይ ይመለሳል። እንግዲህ ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን፥ በአንድ ሐኪም እጅ፥ በአንድ ዓይነት ስም የተጠራ ዕጢ ወጥቶላቸው፥ አንዱ እስከ እርጅናው በጤና ሲኖር፥ ሌላው በሁለት ዓመት ውስጥ እንደገና ወደ ሐኪም ሊመለስ ይችላል። የትኛው የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ መለየት የዚህ ጥበብ ዋና ጭንቀት ነው።

ዕጢውን በዚህ ስም የጠራው አሜሪካዊው የአንጎል ቀዳጅ ሐኪም ሐርቬይ ኩሺንግ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1922 ነበር። ከእርሱ ሕመምተኞች አንዱ ጄኔራል ሌናርድ ዉድ የሚባል ታላቅ የጦር ሹም ነበር። ኩሺንግ እ.ኤ.አ. በ1910 ዕጢውን አወጣለት፤ ጄኔራሉም ድኖ የአሜሪካ ጦር ኤታ ማዦር ሹም ሆኖ ሠራ፤ ለፕሬዚደንትነትም ተወዳደረ፤ ኋላም የፊሊፒን ደሴቶች ገዥ ሆነ። ነገር ግን ዕጢው ተመልሶ ስለ ነበር እ.ኤ.አ. በ1927 እንደገና በቦስተን ተቀደደና በዚያው ሞተ። በዚህ ሰው ታሪክ ውስጥ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፥ ዕጢ የያዘው ሰው ሁሉ ወዲያው ሟች አይደለም፤ ዐሥራ ሰባት ዓመት ለአንድ ሰው ብዙ ሥራ የሚሠራበት ዘመን ነውና። ሁለተኛው፥ «ድኛለሁ» ብሎ ሐኪሙን መርሳት አይገባም፤ ሕመሙ የሚመለስበት ጊዜ ከብዙ ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላልና።

ኩሺንግ ብቻውን አልሠራም። ሉዊዝ አይዘንሃርት የምትባል ሐኪም ከእርሱ ጋር ሆና የተቀደዱትን ሕመምተኞች በአንዲት አነስተኛ ጥቁር ደብተር ትመዘግብ ነበር፤ ማን መቼ እንደ ተቀደደ፥ ዕጢው ምን ዓይነት እንደ ነበረ፥ ሰውየውም በመጨረሻ ምን እንደ ሆነ ትጽፍ ነበር። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1938 ስለ ሜኒንጂዮማ ያሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ ከሦስት መቶ በሚበልጡ ሰዎች ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። ከዚያ በኋላ ዶናልድ ሲምፕሰን የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1957 የዕጢው መመለስ ከአወጣጡ ጋር እንደሚዛመድ በቍጥር አሳየ። ዕጢው ከበቀለበት ሽፋንና ከተጐዳው አጥንት ጋር ፈጽሞ በወጣላቸው ላይ ከመቶ 9 ተመለሰ፤ ዕጢው ሁሉ ወጥቶ ሽፋኑ በመተኰስ ብቻ በታለፈላቸው ላይ ከመቶ 19፤ ሽፋኑ ሳይነካ በቀረላቸው ላይ ከመቶ 29፤ ከዕጢውም ከፊሉ በቀረባቸው ላይ ከዚያ የበለጠ ሆነ። ይህ ሁሉ ዕውቀት የመጣው ከአስደናቂ መሣሪያ ሳይሆን፥ ሕመምተኛው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ምን እንደ ሆነ ጠይቆ ከመጻፍ ነው። የሐኪም ግምት እናቱ መዝገብ ናት።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሁለተኛው ምስክር ማይክሮስኮፕ ነው። የወጣው ሥጋ በስሱ ተቈርጦ፥ ቀለም ጠጥቶ፥ በመሣሪያው ሥር ሲታይ፥ መርማሪው ለመከፋፈል የተዘጋጁትን ሕዋሳት ይቈጥራል። በዐሥር የማይክሮስኮፕ ዕይታዎች ውስጥ ከ4 እስከ 19 ቢያገኝ ዕጢው ሁለተኛ ደረጃ ይባላል፤ 20 ወይም ከዚያ በላይ ቢያገኝ ሦስተኛ ደረጃ ነው። ዕጢው ወደ አንጎሉ ዘልቆ ከገባም ቢያንስ ሁለተኛ ደረጃ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ደንብ ደግሞ በዘረ መል ላይ የሚገኙ ሁለት ምልክቶች ተጨምረዋል፤ ተርት በሚባለው ዘረ መል መነሻ ላይ ለውጥ የተገኘበት፥ ወይም ሲዲኬኤን2ኤ እና ሲዲኬኤን2ቢ የሚባሉት ፈጽመው የጠፉበት ዕጢ፥ በማይክሮስኮፕ የዋህ ቢመስል እንኳ ሦስተኛ ደረጃ ተብሎ ይቈጠራል። ከዚህም አልፎ እ.ኤ.አ. በ2017 በጀርመን አገር በሃይድልበርግ ያሉ ሊቃውንት፥ በ2019 እና በ2021 ደግሞ በካናዳ በቶሮንቶ ያሉት፥ በዘረ መል ላይ የተለጠፉትን የኬሚካል ምልክቶች በማንበብ ዕጢው የመመለሱን ዕድል ከማይክሮስኮፕ ይልቅ አጥርቶ መገመት እንደሚቻል አሳይተዋል። የቶሮንቶዎቹም ይህን ምልክት ከዕጢው ደረጃና ከአወጣጡ ጋር ደምረው፥ ሐኪም ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ነጥብ ሰጥቶ የአምስት ዓመቱን ዕድል የሚያሰላበት ሠንጠረዥ አዘጋጅተዋል።

ግምት ግን የሚጠቅመው ሥራን ሲለውጥ ነው። በአሜሪካና በካናዳ በተደረገ አንድ ጥናት ሕመምተኞች እንደ ዕጢያቸው ክፋት በክፍል ተለይተው ነበር። መካከለኛ አደጋ ያለባቸው ሠላሳ ጊዜ ጨረር ተሰጥቷቸው፥ ከሦስት ዓመት በኋላ ከመቶው 93.8 የሚሆኑት ዕጢው ሳያድግባቸው ተገኙ፤ ከፍተኛ አደጋ ያለባቸው ደግሞ በሠላሳ ጊዜ የበለጠ መጠን ያለው ጨረር ተሰጥቷቸው፥ ከሦስት ዓመት በኋላ ዕጢው ሳያድግባቸው የተገኙት ከመቶው 58.8 ነበሩ። ይህ ቍጥር ሁለት ፊት አለው። ተስፋ የሚቈርጥ ሰው ከመቶ አርባ አንዱን ያያል፤ አስተዋይ ሰው ግን እጅግ ክፉ ከተባለው ዕጢ እንኳ ከግማሽ የሚበልጡት ሦስት ዓመት እንደ ቈዩ ያያል። ቍጥሩ ስለ መቶ ሰዎች ይናገራል እንጂ፥ ከመቶው ይህች አንዲት እናት በየትኛው ወገን እንደምትቈም አይናገርም።

አሁን ይህን ሁሉ ይዞ ወደ ዋግ ኽምራ መመለስ ይገባል። ፃግብጂ በዚያ ዞን ከሚገኙት ወረዳዎች አንዱ ነው፤ አገሩ ገደልና ተራራ የበዛበት፥ ዝናሙ የሚሳሳበት ነው። በዞኑ ኽምጣጛ የሚናገር ሕዝብ ይኖራል። ለዚህ አገር ሰው ቅርብ የሆነው ትልቅ የሕክምና ቤት በሰቆጣ ከተማ ያለው የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ነው፤ ከሰቆጣ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ደግሞ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአንጎል ቀዳጅ ሐኪሞች በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ አገር ከበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በዚያው በአገር ውስጥ የሚሰጥ ሥልጠና ስለ ጀመረ ቍጥራቸው ከዓመት ወደ ዓመት ጨመረ፤ ከዚያም የወጡት ሐኪሞች ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተማዎችም እስከ ማገልገል ደረሱ። የጨረር ሕክምና ግን ለብዙ ዓመታት በመላው አገር የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ በሌላ ስፍራ መጀመሩ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው።

እንግዲህ አንዲት የፃግብጂ ገበሬ ሚስት ራሷን ታማ፥ ከዓመት በኋላም አንድ ዓይኗ ፈዝዞ፥ ከዚያም ወድቃ ብትንፈራገጥ፥ የሚጠብቃት መንገድ ምን ያህል እንደ ሆነ ማሰብ ይቻላል። ከቀበሌው የጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፥ ከጤና ጣቢያ ወደ ሰቆጣ፥ ከሰቆጣ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ወዳለበት፥ ከዚያም ቀዳጅ ሐኪም ወዳለበት መሄድ አለባት። ከተቀደደች በኋላ የሥጋው ምርመራ ውጤት እስኪደርስ መጠበቅ፥ ጨረር ካስፈለጋትም በሳምንት አምስት ቀን እየተሰጠ ስድስት ሳምንት በእንግድነት መቀመጥ አለባት። ለዚህ ሁሉ በሬው ይሸጣል፤ ፍየሎቹ ይሸጣሉ፤ ልጆቹ ከዘመድ ይቀራሉ። ባልየው ከመነሣቱ በፊት «ብንሄድ ምን ይገኛል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የስስት አይደለም፤ በሬውን የሸጠ ገበሬ የሚመጣውን ክረምት በምን እንደሚያርስ ማሰቡ ነው። ስለዚህ ትክክለኛ ግምት በቶሮንቶ ላለ ባለጠጋ ከሚጠቅመው ይልቅ ለፃግብጂ ድኻ ይጠቅማል። የዋህ ዕጢ የያዛት ሴት ብትቀደድ ለብዙ ዓመት የመኖር ተስፋ እንዳላት ያወቀ ቤተሰብ በሬውን ሸጦ አይጸጸትም፤ እጅግ ክፉው የያዛትም ሴት ሕክምናው ምን ያህል ዕድሜ ሊጨምርላት እንደሚችል ያወቀ ቤተሰብ ሳይታለል ይመክራል።

በዚህ መንገድ ላይ ካህናት ያላቸው ድርሻ ከሐኪሙ ድርሻ ይቀድማል። ሰው ወድቆ ሲንፈራገጥ፥ ጠባዩም ሲለወጥ፥ በቅድሚያ የሚወሰደው ወደ ጸበል ነው፤ በዚያም ሁለት ሱባዔ፥ ሦስት ሱባዔ፥ አንዳንዱም ዓመት ይቀመጣል። ጸበሉን የሚነቅፍ ማንም የለም፤ ነገር ግን ዕጢው በዚህ ጊዜ ሁሉ እያደገ የዓይንን ሥር ይጫናል፤ ከብዙ ጊዜ ጫና በኋላ የጠፋ ዓይን ደግሞ ዕጢው በመልካም ሁኔታ ቢወጣ እንኳ ብርሃኑ ላይመለስ ይችላል። ሲምፕሰን ያሳየው መሰላልም እዚህ ላይ ይነበባል፤ ዕጢው እጅግ ከተለቀና የደም ሥሮችን ካቀፈ በኋላ ፈጽሞ ማውጣት ይከብዳል፤ ፈጽሞ ያልወጣውም ይመለሳል። መዘግየት ራሱ ግምቱን ያከፋዋል ማለት ነው። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪም ሊከበር እንደሚገባው ያስተምራል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበር። ስለዚህ አንድ ካህን ለሕመምተኛው ጸበል እየረጨ፥ «ነገ ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ፤ ጸሎቱ አይቋረጥብህም» ቢለው፥ ከሥርዓቱ አንዳች አያጐድልም፤ ለነፍሱም ለሥጋውም ይረዳዋል። በተለይም በአዋቂነት ዕድሜ የጀመረ የሚጥል በሽታ፥ ማለዳ ከትውከት ጋር የሚጸና የራስ ምታት፥ እየፈዘዘ የሚሄድ ዓይን፥ የአንድ ወገን ድካምና ያለ ምክንያት የተለወጠ ጠባይ፥ እነዚህ አምስቱ የአንጎል ምርመራ እንደሚያስፈልግ የሚያመለክቱ ናቸው።

ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። እህል የሚሰፈርበት ቍና ከገበያ ገበያ ይለያያል፤ የአንዱን ገበያ ቍና ይዞ በሌላው ገበያ የሚሸምት ሰው ወይ ይጐዳል ወይ ይጐዳበታል። የሃይድልበርግና የቶሮንቶ ሊቃውንት ያወጡት የግምት ሠንጠረዥም የተሰፈረው በዚያ አገር ሕመምተኞች ነው፤ ሕመማቸው ቶሎ በታወቀላቸው፥ ጨረሩም በሰዓቱ በተሰጣቸው ሰዎች ነው። ያው ሠንጠረዥ ዓይኗ ከጠፋ በኋላ ሰቆጣ የደረሰችውን ሴት ዕድል በትክክል ይናገራል ማለት አይቻልም። የኢትዮጵያን ሕመምተኛ የሚሰፍር ቍና በኢትዮጵያ መዝገብ መሠራት ይገባዋል፤ ይህም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የዘረ መሉ ምርመራ ባይኖር እንኳ፥ የታማሚው ዕድሜ፥ ከመቀደዱ በፊት ራሱን ችሎ ይሠራ እንደ ሆነና እንዳልሆነ፥ ዕጢው በሲምፕሰን ደረጃ ምን ያህል እንደ ወጣ፥ መርማሪው በማይክሮስኮፕ የቈጠረው ቍጥር፥ ከዚያም በአንደኛው፥ በሦስተኛውና በአምስተኛው ዓመት ሕመምተኛው ያለበት ሁኔታ በደብተር ቢጻፍ፥ አይዘንሃርት በጥቁር ደብተሯ የሠራችው ሥራ በዚህም አገር ይሠራል።

የሚያስቸግረው የመጨረሻው ነገር ነው፤ ወደ ገደሉ ማዶ የተመለሰው ሕመምተኛ ይኑር ይሙት ለሐኪሙ የሚነግረው የለም። ከሞተም ሞቱ የሚታወቀው በቀብሩ፥ በፍትሐቱና በተዝካሩ ነው። በሆስፒታል መዝገብ «ከዚያ በኋላ አልተመለሰም» ተብሎ የሚጻፈው ሰው፥ በደብሩ ካህን ዘንድ ቀኑና ሰዓቱ የታወቀ ነው። በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የየደብሩ ካህናት ቢተባበሩ፥ አንድ የስልክ መልእክት ያንን ባዶ መስመር ይሞላዋል። ከፃግብጂ የሄደችው ሴት አምስት ዓመት በጤና ኖራ እንደ ሆነ፥ ወይም በሁለተኛው ዓመት አርፋ እንደ ሆነ፥ ያ አንድ ቃል ከእርሷ በኋላ ለምትመጣው ሴት ባል መልስ ይሆነዋል።

ስለ አነጋገሩም ጥቂት ቃል ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ልማድ መርዶ እንደ ዘበት አይነገርም፤ የሚነግረው ሰው ይመረጣል፤ ሰዓቱም፥ የሚደግፈውም ዘመድ ይታሰባል። ሐኪም የዕጢውን ክፋት ሲናገር ይህን ልማድ ቢያከብር መልካም ነው፤ ነገር ግን ልማዱ ሕመምተኛውን ከራሱ ነገር ፈጽሞ ባዳ እንዲያደርገው መፍቀድ አይገባም። ማወቅ የሚፈልግ ሰው ኑዛዜውን ሊያደርግ፥ ዕዳውን ሊከፍል፥ ከተጣላው ሊታረቅ፥ ለንስሓ አባቱም ሊናገር ይሻል። ከእውነት የተደበቀ ሰው ይህን ሁሉ ሳያደርግ ይሄዳል። ከዚህም ጋር «ከመቶ ይህን ያህል» ብሎ መናገር ለማያነብ ሰው ግልጽ አይሆንም፤ «እንደ አንተ ከታመሙት ዐሥር ሰዎች ስድስቱ ከሦስት ዓመት በኋላ ዕጢው አላደገባቸውም ነበር» ማለት ግን በአማርኛም በኽምጣጛም ይገባል።

የሰቆጣ ስም ከዚህ ቀደም ከአንድ ታላቅ ቃል ኪዳን ጋር ተያይዟል፤ በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ ያወጀው በዚሁ ከተማ ስም ነው። ያ ቃል ኪዳን የሚመሰገነው ዓላማውን በቀንና በቍጥር ስለ ወሰነ ነው። ስለ አንጎል ዕጢም ቢሆን ከሹማምንት የሚጠበቀው ከዚህ የተለየ አይደለም። ወደ ሩቅ ሆስፒታል የሚላከው ሕመምተኛ የማኅበረሰብ የጤና መድኑ ከወረዳው ሳይወጣ እንዳይቀርበት መከታተል፥ የጨረር ተራ ለሚጠብቁ የገጠር ሰዎች ማረፊያ ማዘጋጀት፥ የሥጋው ምርመራ ውጤት ሳይዘገይ ወደ ላከው ሆስፒታል እንዲመለስ ማድረግ፥ መዝገቡም እንዳይቋረጥ ሰው መመደብ የእነርሱ ሥራ ነው። እነዚህ ሲሟሉ ሐኪሙ ለፃግብጂው ገበሬ በሬውን ከመሸጡ በፊት የሚነግረው እውነተኛ ቃል ያገኛል፤ የዕድሜ ባለቤት እግዚአብሔር መሆኑም በዚህ አይለወጥም።